የኤሌማን ፋይሎች ሳደራጅ

እኔ የተዝረከረከ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። እናቴ እታለማሁ፣ «አንቺ ገነት ብትገቢ የመላእክቱን ወንበር ማስተካከልሽ አይቀርም» እያለች ትስቅብኛለች። ታዲያ ጋሽ ነጅመዲን አስጠርተው፣ «ሮዳስ፣ የኤሌማን ፋይሎች መልክ አስይዥልኝ» ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ወይ የዋህነቴ!

ጊዜው እኛ ቤት 2009 ዓ.ም.፣ ከበራችን ውጭ ደግሞ 2017 የሚባለው ዓመት ነበር። የሞያሌ ሰው ይህን ለምዶታል። ቤታችን ኬንያ ነው፤ አባቴ ደምለው ከጎንደር መጥቶ ሆቴል ከከፈተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እኔን ግን «የአያቶቿን ፊደል ትማር» ብሎ በየጠዋቱ ድንበሩን እያሻገረ ኢትዮጵያ በኩል አስተማረኝ። ከዚያ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ተማርኩና ተመልሼ የሆቴላችን ባንኮኒ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ እየቀዳሁ ሥራ ስጠብቅ ነው የጋሽ ነጅመዲን ጥሪ የደረሰኝ።

ጋሽ ነጅመዲን የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ከብረታ ብረት ሱቃቸው በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ሦስት ሰርቨር አስቀምጠው ለአርብቶ አደሩ የከብት ዋጋ ያሳውቃሉ። ኦቦ፣ ቦሪ ወይም ሄሉ የሚባሉት መንደሮች ያለ ሰው በስልኩ «ፍየል» ብሎ ሲልክ የዕለቱ የሞያሌ ገበያ ዋጋ ወዲያው ይመጣለታል። ደላላ እንደፈለገ የሚያታልልበት ዘመን በዚህ አበቃ። ይህን ሁሉ የሠራው ኤሌማ የሚባል የቦረና ልጅ ነው። አሁን ናይሮቢ ትልቅ ሥራ አግኝቷል፣ ከአንድ ወር በኋላ ይጀምራል። ጋሽ ነጅመዲን ግን ቃል አስገብተውታል፤ ሥራውን ለሌላ ሰው በወጉ ሳያስረክብ ንቅንቅ አይልም። ያ ሌላ ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ደረጃውን ወጥቼ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። የቀረው የሰውዬው አካል ጠረጴዛ ስር ተጋድሞ በብሩሽ አቧራ ይጠርጋል።

«ሰላም ነው?» አልኩ ለጫማው።

«ነጋ» አለኝ ድምፁ ከስር። በቦረና ሰላም ነው ማለቱ ነው። «አትርገጪኝ ብቻ። ቡሬን እያጠብኩ ነው።»

«ቡሬ ማናት?»

ወጥቶ ተቀመጠ። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ አፍንጫው ላይ ሁሉ አቧራ አለ። ሳቄን ዋጥኩት። እሱ ግን አቧራውን ረስቶ በኩራት ወደ ማሽኖቹ ጠቆመኝ።

«ይቺ ቡሬ፣ ይቺ ጉራቲ፣ ይቺ ደግሞ ዲምቱ።»

«ሰርቨር በላም ስም ይጠራል እንዴ?»

«ታዲያ በቁጥር ልጥራቸው? ይከፋቸዋል።»

እውነቱን ልናገር፣ ያኔውኑ ነው የወደድኩት። በኋላ ነው፣ ቀስ በቀስ ነው ብዬ ለሰው አወራለሁ፤ ውሸቴን ነው።

ቀጥሎ ፋይሉን ከፈተልኝና ፍቅሩ ለጊዜው በነነ። ሦስቱ ሰርቨሮች ሥራ እንዴት እንደሚካፈሉ የሚናገረው ኮንፊግ በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ታጭቋል። አንድ ሺህ አራት መቶ መስመር! የኦቦው ከቦሪው፣ የዛሬው ከአምናው ተደበላልቋል። መሃል መሃል ላይ ለራሱ የጻፋቸው ማስታወሻዎች አሉ፤ አንዱ በቦረና፣ አንዱ በስዋሂሊ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ። አንዱማ በአማርኛ፣ «ይህን አትንካ፣ ለምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም» ይላል።

«ኤሌማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሠራል እኮ» አለኝ ቅር ብሎት።

«የኛ ሆቴል ጓዳም ይሠራል፤ ግን ጨውና የልብስ ሳሙና አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አናስቀምጥም።»

ሳቀ። አቧራው ከቅንድቡ ረገፈ። ከዚያ ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠና ነገሩን ከመሠረቱ አስረዳኝ።

«በኛ ዘንድ ጉድጓድ ላይ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስይዘው እሱ ነው። ሁሉም መንጋ በአንዴ አንድ ገንዳ ላይ ከወረደ ገንዳው ይናዳል፣ ጥጃው ይረገጣል። ይህ ፋይል አባ ሄሬጋ ነው። መልእክት ሲመጣ አንተ ወደ ቡሬ፣ አንተ ወደ ጉራቲ፣ አንተ ወደ ዲምቱ እያለ ያሰማራል። አንዷ ከታመመች ሁለቱ ይሸከማሉ።»

ሐዋሳ አራት ዓመት ተቀምጬ ይህን ነገር እንደዚህ ያስረዳኝ መምህር አልነበረም።

ሥራ ጀመርን። ትልቁን ፋይል ቆራርጬ ለእያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን፣ ለኦቦ የራሱን፣ ለቦሪ የራሱን፣ ለሄሉ የራሱን፣ ለሁሉም የጋራ የሆነውን ደግሞ ለብቻው ማድረግ ያዝኩ። የማይገባኝ መስመር ላይ ስደርስ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ያያል። ጎንበስ ሲል ትከሻው ትከሻዬን ይነካል። ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ እንሆናለን።

«ይህን መስመር ለምን ጻፍከው?»

«ያን ቀን ዝናብ ነበር።»

«ዝናብ ከኮንፊግ ጋር ምን አገናኘው?»

«ከዝናብ በኋላ ሰው ከብት አይሸጥም፤ ሣር አለዋ። መልእክቱ ቀነሰ። ጉራቲን አሳረፍኳት።»

እንዲህ ነበር ሰውዬው። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ቀን ታሪክ አለው። የኦቦ መንገድ በጭቃ የተዘጋበት፣ ድርቁ የከፋበትና ሰዉ ሁሉ በአንድ ሳምንት ፍየሉን ለመሸጥ የተጣደፈበት፣ ሁሉም እዚያ አለ። የድርቁን መስመር ሲያስረዳኝ ድምፁ ወረደ። ያን ጊዜ ሦስት ቀን ሳይተኛ ሰርቨሮቹን እንደጠበቀ፣ የአንድ ሽማግሌ መልእክት መልስ ሳያገኝ ቀርቶ ፍየሎቹን በርካሽ እንደሸጠ ነገረኝ። የሽማግሌውን ስም እስካሁን ያስታውሳል። አየሁት፣ እሱም አየኝ።

«ሥራሽን ሥሪ» አለኝ በመጨረሻ።

«እየሠራሁ ነው» አልኩት። አልነበርኩም።

ስቆጣ ደስ ይለዋል። «ስትቆጪ አማርኛሽ ይፈጥናል፣ ግማሹ ያመልጠኛል» ይለኛል። «ግማሹም ይበዛብሃል» እለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት አለቀ።

ችግሩ ግን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ገብቶኛል። አንድ ፋይል ባስተካከልኩ ቁጥር ኤሌማ አንድ እርምጃ ወደ ናይሮቢ ይጠጋል። ሥራዬ ባማረ መጠን እሱ እዚህ የሚቆይበት ምክንያት ያልቃል። በገዛ እጄ መንገዱን እየጠረግኩለት ነው! አንዳንድ ቀን ዝግ ብዬ ለመሥራት ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለ እጅ ይቆረጥ።

ምሳ እኛ ሆቴል ነው የሚበላው። አባቴ ቻፓቲውን ራሱ ያቀርብለታል፣ ስለ መንገድና ስለ ዝናብ በቦረና ይጨዋወታሉ። እሱ ሲወጣ ግን አንድ ቀን አባቴ ባንኮኒውን እየወለወለ እንዲህ አለኝ።

«ጥሩ ልጅ ነው። ሰው ማክበር ያውቃል።»

«እህ።»

«ግን የሚሄድ ልጅ ነው፣ ሮዲዬ። ዓይንሽን እያየሁት ነው። ያለችኝ ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ናይሮቢ የምሰጠው የለኝም።»

«ማን ጠየቀህ አባዬ?» አልኩና ሳህን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። እውነትም የጠየቀ አልነበረም። የከነከነኝም እሱ ነው።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ሥራው አለቀ። ሃያ ሰባት ንጹህ ፋይል። ወደ ዋናው ፎልደር ከማስገባቴ በፊት ኤሌማ የመጨረሻ ምክሩን ሰጠኝ።

«የፋይሉን ስም በቀን ጀምሪ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም በስም ተራ ነው የሚያነበው። ሁለት ፋይል ስለ አንድ ነገር ከተናገሩ ኋላ ያነበበውን ይሰማል። ስለዚህ አዲሱ ሁልጊዜ ከኋላ ይሁን።»

«ገባኝ» አልኩት። የትልቁ ፋይሉ አንድ የቆየ ቅጂ ለታሪክ ይቀመጥ ብለን እዚያው ተውነው። የእኔዎቹ አዲስ ስለሆኑ ከኋላ ሆነው ይሽሩታል።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ጎበዝ» አለ። ከዚያ ሁለታችንም ሦስቱን ማሽኖች ማየት ጀመርን፣ እንደ እንግዳ ሰው። አውቶቡሱ ለእሑድ ነው። ከዚያ በፊት የሚቀረው አንድ የከብት ገበያ ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በገበያው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን ነገር ተበላሸ። መልእክት ይገባል፣ መልስ አይወጣም። የጋሽ ነጅመዲን ስልክ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ከሄሉ ይደውላሉ፣ ከቦሪ ይደውላሉ። ሰዉ ገበያ መሃል ከብቱን ይዞ ቆሟል፣ ደላላው ደግሞ በዙሪያው ይዞረዋል። እኔ አንዱን ፋይል ከፍቼ ሌላውን እዘጋለሁ፤ ምንም አይታየኝም።

ኤሌማ በቀስታ ወንበሬን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። የፋይሎቹን ዝርዝር አወጣና አንድ ደቂቃ ያህል ተመለከተው። ከዚያ ዝርዝሩን ዘጋና ሥራውን በእጁ ለሦስቱ ሰርቨሮች ማከፋፈል ጀመረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ መውጣት ጀመረ። ስልኩም ዝም አለ።

ጋሽ ነጅመዲን ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ።

«ምንድን ነው ሺዳው?» አሉ። በስዋሂሊ ችግሩ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ ኤሌማ ቀና ሳይል። «የድሮ አሠራሬ ነው ያመጣው። ሮዳስ ሥራውን ሙሉ በሙሉ አልተረከበችም።»

«እንግዲያው አትሄድም።»

«እሺ።»

«ለናይሮቢዎቹ ደውልና አልመጣም በላቸው። ቃል ቃል ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ።»

እንዲሁ በቀላሉ! ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀውን ሥራ በሁለት እሺ ጣለው። አብረው ወረዱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አይሄድም! ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅኩ።

ሳቄ ሲያልቅ ግን ያ የማያርፍ እጄ የፋይሎቹን ዝርዝር ከፈተ።

እዚያው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሏል። የእኔ ሃያ ሰባት ፋይሎች በሙሉ 2009 ብለው ይጀምራሉ። የኤሌማ አሮጌ ፋይል 2017 ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ቀን የምጽፈው እንደዚያ ነው፤ በደብተሬም፣ በሆቴሉ መዝገብም፣ በዩኒቨርሲቲም። ለማሽኑ ግን 2009 ከ2017 ስምንት ዓመት ይቀድማል። የእኔን በሙሉ አስቀድሞ አንብቦ በመጨረሻ የኤሌማን አሮጌ ፋይል ሰምቷል። ያ ፋይል ደግሞ ጉራቲና ዲምቱ በአቧራ ታመው ሁሉም ወደ ቡሬ ይሂድ በተባለበት ሳምንት የተጻፈ ነው። ሦስቱን ቀን ቡሬ ብቻዋን ችላው ኖሯል። የገበያው ቀን ሲመጣ ወገቧ ተሰበረ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኤሌማ ምንም አላጠፋም።

ይህን ደግሞ ማንም አያውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። የፋይሎቹን ስም ቀስ ብዬ በአንድ ወር ውስጥ አንድ በአንድ እለውጣለሁ፣ ኤሌማ እዚህ ይቆያል፣ ከጎኔ ይቀመጣል፣ ስቆጣ ይስቅብኛል። አባቴም የሚሄድ ልጅ ነው ማለቱን ይተዋል። ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። እወደዋለሁ። እንዲህ ግልጽ አድርጌ ለራሴ የተናገርኩት ያን ቀን ነው። እወደዋለሁ፣ እንዲሄድም አልፈልግም።

ግን የናይሮቢውን ደብዳቤ አሳይቶኝ ነበር። ከሸሚዝ ኪሱ እያወጣ ስንት ጊዜ እንዳነበበው ከእጥፋቱ ይታወቃል፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ነገ ደግሞ ገበያው ሁሉ የኤሌማ ሥራ ሰዉን አዋረደው ብሎ ያወራል። የእሱን ስም አበላሽቼ፣ ሕልሙን ቀብሬ ከጎኔ ላስቀምጠው? ምን ዓይነት ፍቅር ነው ይሄ?

ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ኤሌማ ሱቁ ውስጥ በሚስማር ሳጥኖቹ መሃል ስልኩን ይዞ ቆሟል።

«ደወልክ?»

«ልደውል ነው።»

«አትደውል! ጋሽ ነጅመዲን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፌው ነው። ማሽኑ የእኔን የአሮጌ አሮጌ አድርጎ ቆጠረው። አሁን ስሙን ብቻ ብለውጥ ያበቃል።»

ኤሌማ አየኝ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ፊቱ ግን ጠቆረ።

«አንቺ ነሽ ያገኘሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ራስሽ ፈልገሽ?»

«ሌላ ማን ይፈልግልኝ?»

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ጋሽ ነጅመዲን ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሃያ ደቂቃ ውስጥ ስሞቹን ሁሉ ለወጥኩ። ጋሽ ነጅመዲን ደግሞ ሊፈትኑኝ ብለው የዲምቱን ገመድ በገዛ እጃቸው ነቀሉ፤ ገበያው ምንም አላወቀም፣ ዋጋው እንደ ውሃ ይፈሳል። «ተረክባለች» አሉ። «ሂድ ልጄ፣ አላህ ያቅናልህ።»

እሑድ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘሁት። ቲኬቱን ተቀብዬ ቀኑን ደጋግሜ አነባለሁ። እሱም ቦርሳውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«የተበላሸ ነገር ካለ ደውዪልኝ» አለኝ።

«ምንም አይበላሽም» አልኩት። ኩራት ነው፣ ምን ላድርግ፣ ከእናቴ ነው የወረስኩት። ፈገግ ለማለት ሞከረና አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

ሰባት ሳምንት አለፈ። ምንም አልተበላሸም። በየገበያው ቀን ሰርቨሮቹ በሰላም ይውላሉ፣ እኔ እናደዳለሁ። እንዴት አንዲት ገመድ እንኳ አትላላም? እንዴት ኦቦ ላይ አንድ ዝናብ አይጥልም? በሥራዬ እንደዚያን ጊዜ አፍሬ አላውቅም። ልደውል ስልኩን አነሳለሁ፣ ምን ብዬ? ለመሄድ ቸኩሎ የሄደ ሰው ነው፣ ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ይዞ። መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እናቴ ሳታስበው «ጠቆርሽ» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ ሻዬ ውስጥ ስኳር ይጨምርልኛል።

በስምንተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት፣ ሆቴሉ በከባድ መኪና ሾፌሮች ጢም ብሎ ሳለ ኤሌማ በበሩ ገባ። ከስቷል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ባንኮኒው አጠገብ ያለችው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እኔ በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

«ምን ተበላሸ?» አልኩት። ከሁሉ ቃል ይህ ወጣ!

«ምንም። እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።» ተቀመጪ ብሎ በእጁ አሳየኝ። ተቀመጥኩ። «ሰባት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ሮዳስ። ዛሬ ይበላሻል፣ ትደውላለች እያልኩ። በየገበያው ቀን ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እውላለሁ፣ አለቃዬ እንኳ ታዝቦኛል። እንደዚህ አድርገሽ ማስተካከል ነበረብሽ?»

«አንተ አይደለህ አስተካክዪ ያልከኝ?»

«ጋሽ ነጅመዲን ናቸው። እኔ አላልኩም።» ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው አወረደ። «ሌላም ነገር አለ። ያን ቀን፣ የገበያው ቀን፣ አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«2009ን። ዝርዝሩን እንዳወጣሁ በመጀመሪያው ደቂቃ አየሁት። ዘጋሁት። የእኔ ጥፋት ነው አልኩ።»

«ለምን?»

«እንዲያስቀሩኝ ነዋ! ቃሌን ማጠፍ አልችልም፣ ለናይሮቢዎቹ እመጣለሁ ብያለሁ። ሰው ካስቀረኝ ግን ምን ማድረግ እችላለሁ? ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ሱቁ የወረድኩት። አንቺ ግን እየሮጥሽ መጥተሽ ተናገርሽ። እንድሄድላት ቸኩላለች ማለት ነው አልኩ። ሰባት ሳምንት ይህን ሳስብ ነው የከረምኩት።»

ደሜ ፈላ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ብርጭቆውን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

«አንተ ሰውዬ! ቸኩላለች? እኔ ያን ቀን ስነሳና ስቀመጥ ግማሽ ሰዓት ቆይቻለሁ! ዝም ልል ነበር፣ እንድትቀርልኝ ዝም ልል!»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽ?»

«ስለምወድህ ነዋ!»

ድምፄ ጣራ ነካ። የሚያኝክ ሾፌር እንኳ ማኘኩን አቆመ። አማርኛ የማይሰማው ሶማሌ ሾፌር ጎረቤቱን በክርኑ ነካ አድርጎ ምን አለች ብሎ ጠየቀው፤ ጎረቤቱ በስዋሂሊ ተረጎመለት። ሁለተኛ ጊዜ አፈርኩ። አባቴ የሻይ ትሪ ይዞ ሆቴሉ መሃል ቆሟል።

ኤሌማ ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሽ ደምለው...»

«ቁጭ በል» አለው አባቴ። ትሪውን በቀስታ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ከመሃላችን ተቀመጠ። «ከናይሮቢ እስከዚህ ስንት ሰዓት ተጓዝክ?»

«አስራ ሦስት።»

«ምንም ሳይበላሽ?»

«ምንም ሳይበላሽ።»

አባቴ ሽርጡን ፈታ፣ አጠፈው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሽማግሌ እንዲልክ እነግረዋለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ እሺ ይለኛል፣ አውቀዋለሁ። እሱ ይቆየኝ። መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። ልትሄጂብኝ ነው?»

ያንን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። ያን ሁሉ ጊዜ የማስበው እሱ ይቀራል ወይስ ይሄዳል ብቻ ነበር። ራሴን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አባቴ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህች ሆቴል ያገለገለ ሰው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያለው። ሰርቨሮቹን ከየትም ሆኜ መጠበቅ እችላለሁ፣ ለአባቴ ግን ያ ምን ይጠቅመዋል?

«እሄዳለሁ አባዬ» አልኩት። «በየወሩ እመጣለሁ፣ ግን እሄዳለሁ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ከትሪው ላይ አንዱን ሻይ አንስቶ ኤሌማ ፊት አስቀመጠለት፣ ስኳር ጨመረለት፣ አማሰለለት።

«ጠጣ» አለው። «ይበርዳል።»

ኤሌማ ሻዩን አልነካም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ሆቴሉ በሙሉ እያየ፣ አባቴም እያየ፣ ያዝኩት።